የኔስ የቱ ነው?

ግንቦት 9

ባንተአምላክ የመጋዘኑን በር ሲከፍት ነው ነገሩ የተበላሸው። ጫግኒ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ እግረ መንገዴን በቆሎዬን ልየው አልኩ። በጥር በእኔ ቁጠባ ገዝቶ፣ ክረምት ላይ ዋጋው ሲወጣ ሊሸጥልኝ ያስቀመጠው በቆሎ። ጆንያዎቹ ላይ ሁሉ በቀይ ቀለም «ሀብቱ» የሚል የሌላ ሰው ስም ተጽፏል።

«የኔስ የቱ ነው?»

«ተቀላቅሎ ነው እንጂ አለ። እመኚኝ፣ የአክስትሽ ልጅ አይደለሁ?»

በቆሎስ ይቀላቀል... ስም እንዴት ይቀላቀላል?

ግንቦት 11

ባንተአምላክ አመነ። በቆሎዬን ሚያዝያ ላይ ሸጦ ባጃጅ ገዝቶበታል። ለራሱ።

ግንቦት 24

ሽማግሌዎች ፊት የገንዘቤን ግማሽ መለሰ። ቀሪውን ሊከፍል ፈረመ። እማዬ ደግሞ፣ «ያንኑ መልሰሽ ስጪው፣ ባጃጁ የጋራችሁ ይሁን። ዘመድ እንዳይቀየም።»

የተቀየምኩት እኔስ ማን ነኝ?

ሰኔ 3

አብራኝ የምታስተምረው ሸጋ ስልኳን አሳየችኝ። «እዚህ መተግበሪያ ላይ ገንዘብ ታስገቢያለሽ፣ በየቀኑ ይጨምራል።»

«ምን ላይ ውሎ ነው የሚጨምረው?»

«ምን ቸገረሽ፣ ቁጥሩ ሲያድግ አታይም?»

ቁጥር ማሳደግማ እኔም በጠመኔ እችላለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ።

ሰኔ 4

ስለዚያ ነገር ሳስብ ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ገና ሳልገባበት። ለእኔ አይሆንም።

ሰኔ 15

ከቆሰበር ወጣ ብሎ፣ ጋሽ ይሄነው ዘንድ። የዲከረንስ ዛፍ ተክለው በአራት በአምስት ዓመቱ ለከሰል ይሸጣሉ። ቁራሽ መሬት ሊያከራዩኝ ነው። ድንበሩ የት ነው? እሳት ቢነሳስ? ልጆችዎ ተስማምተዋል?

ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ መርማሪ ሆነሻል እንዴ?»

ከዚያ ሳልጠይቃቸው ወደ ታችኛው ማሳ ወሰዱኝ። ዛፉ ሁሉ ደርቋል።

«በሽታ መታብኝ። አይተሽ ግቢ።»

ለምን አሳዩኝ? ምን ፈልገው ነው? እስከ ቤት ድረስ ሳስብ መጣሁ... ምንም የተደበቀ ነገር አላገኘሁም።

ሐምሌ 12

ከጋሽ ይሄነው ጋር ውሉን በምስክር ፊት ተፈራረምን። ከተመለሰልኝ ገንዘብ ከፊሉ ችግኝ ሆነ፣ ከፊሉ ባንክ ገባ። ትርፉ ዝግ ያለ ነው። ዛፉ ሊታመምም ይችላል፤ ይህንንም አውቄ ነው የገባሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ ሄጄ አየዋለሁ።

ጭቃዬን ሳልታጠብ ባንተአምላክ ደወለ። ርካሽ ጤፍ አግኝቷል።

«ግቢበት። እመኚኝ።»

«ጆንያው ላይ ስሜን ጽፈህ ፎቶ ላክልኝ።»

«አሁን ይሄ ምን ይሉታል? እኔን መጠርጠር?»

ዘጋሁት።

ዘመድም ይሁን ባዕድ፣ ሄጄ በዓይኔ የማላየው ነገር ውስጥ ከእንግዲህ አልገባም። «የኔስ የቱ ነው?» ማለቴን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው ገንዘቤን አይነካም።