በቫይቱ በር ስለቆመው ዛፍ

እኔ የሉንጋ መንደር ተወላጅ፣ የሟቹ የሴሚሲ ባለቤት ፊያሉፔ፣ እግሬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የመጀመሪያ ሰኞ፣ በገዛ ቤቴ ተኝቼ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሚጽፉልኝ ፓስተር ታውሲ ናቸው። ምስክሮቼ የመንደሩ ሽማግሌ ኢሊያላና ጎረቤቴ ቫይሱዋ ናቸው። ልጆቼ ሎቶማኡና ሉታ እግርጌዬ ተቀምጠዋል። እዚህ የሚባለው ሁሉ፣ ቁጣም ቢሆን፣ እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

ጎዴሬ የምንተክልበትን ጉድጓድ ለሎቶማኡ ሰጥቻለሁ። አባቱ አሸዋውን ቆፍሮ ጨው የሌለው ውሃ እስኪያገኝ ድረስ ወገቡ ጎብጧል፤ ቅጠል እየጎዘጎዘ አፈር ያደረገው ግን ልጄ ነው። በኮራል ቋጥኝ በታጠረው በውስጠኛው ባሕር ዳር ያለው የኮኮናት መሬትም የእሱ ይሁን። ሰሌኖቼን በሙሉ ለሉታ ሰጥቻለሁ። ከእኔ የተሻለ ትሠራለች። ልጄ፣ እወድሻለሁ።

በመሬቴ ጫፍ የቆመው ትልቁ የፌታኡ ዛፍ ግን፣ በደሴታችን ዛፍ ከመሬቱ ተለይቶ ይወረሳልና፣ ለሉታ ይሁን። ሉታ ከውስጠኛው ባሕር ማዶ፣ ፋሌቱ መንደር ነው ያገባችው። የፋሌቱ ወንዶች ከውቅያኖስ ሲመለሱ ይህን ዛፍ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጋር በአንድ መስመር አስተካክለው ካላዩ በኮራል ቋጥኙ መካከል ያለውን መግቢያ፣ የቫይቱን በር፣ ስተው ከቋጥኙ ጋር ይላተማሉ። ሴሚሲም የፋሌቱ ልጅ ነበር፤ ስንት ማዕበል አልፎ በዚያ ዛፍ እየተመራ በደኅና ገባልኝ።

ይህን ስናገር ሎቶማኡ ብድግ አለ።

«እማዬ፣ ለዚህ ነው ስጠብቅ የኖርኩት? ለታንኳ የሚበቃ ግንድ እኮ በደሴቱ ሌላ የለም! ታንኳ የሌለው ወንድ ከሴቶች ጋር ዛጎል ለቃሚ ነው።»

«እና ምን ነውር አለው? ያን አፍህን የሞላሁት ዛጎል ለቅሜ ነው» አልኩት።

ሉታ «ወንድምዬ፣ ባሌም ልጆቼም በዚያ በር ነው የሚገቡት። መቁረጥህ ካልቀረ አስቀድመህ መቃብራቸውን ቆፍር» አለችው።

ኢሊያላ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ «አንተ ሰውዬ፣ ዛፉ እያለም አምና በሰው ታንኳ ቋጥኙ ላይ ወጥተህ የለም እንዴ? ሲቆረጥማ ከነታንኳህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልትገባ ነው!» ሲል ሁሉም ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀም። ለዓሣ ማጥመጃ የሰው ታንኳ እየለመነ ጎልማሳነቱ እንዳለፈ አውቃለሁ፤ አንጀቴን በላው።

ስለዚህ ከዚህ በፊት ያላሰብኩትን እጨምራለሁ። ሴሚሲ በእጁ የጠረበው ታንኳ ጣሪያዬ ሥር ተሰቅሏል። በአባቶቻችን ልማድ ተቆርጦ የሬሳ ሣጥኔ እንዲሆን ሊሞት ሲል አደራ ብሎ ነበርና እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም። ይህን ታንኳ ለሎቶማኡ ሰጥቻለሁ። እኔ በሰሌን ተጠቅልዬ ፋሌቱ፣ ባሌ በተቀበረበት፣ ከጎኑ ልቀበር። ሴሚሲ ቢቀየመኝም እዚያው እንታረቃለን።

«በሰሌን? እንደ ወገን አልባ? አልወስድም!» አለ ልጄ።

«ማን ለመነህ? ለልጆችህ ጉሮሮ ነው የሰጠሁት። ታንኳ ለሚቀዝፍ እንጂ ለሚበሰብስ ምን ያደርግለታል?»

ሎቶማኡ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያም ዛፉን ላይቆርጥ በምስክሮቹ ፊት ማለ። ፓስተሩንም «እኔም የምለው አለኝ፤ ከእሷ ቃል ሥር ይጻፉልኝ» አላቸው። ፈቅጃለሁ።

ይህን ቃሌን ያፈረሰ ከባሕሩ ጋር ይጠያየቅ።

ተናዛዥ፦ ፊያሉፔ፣ የአውራ ጣት አሻራ
ምስክሮች፦ ኢሊያላ፣ ፊርማ፤ ቫይሱዋ፣ የአውራ ጣት አሻራ
ጸሐፊ፦ ፓስተር ታውሲ፣ ፊርማ

የልጅየው ቃል፦ እኔ ሎቶማኡ ታንኳውን ተቀብያለሁ። መጀመሪያ የምጭንበት ግን ዓሣ አይደለም። እናቴን እስከ ፋሌቱ፣ እስከ አባቴ ድረስ፣ እኔው ቀዝፌ አደርሳታለሁ። ብቻ ቶሎ አይሁን።