ጥርሳሙ ዘንግ የተሰበረ ዕለት

ጥቅምት 6
የደብረ ብርሃን ውርጭ ጀመረ። ከእነዋሪ የወፍጮ ፑሌጃ፣ ቀበቶ የሚዞርበት ክብ ብረት፣ መጥቷል። የወፍጮው ዘንግ ላይ እንዳይንሸራተት ቀዳዳው ውስጥ የቁልፍ ቦይ ይፈልጋል። የሥራ ባልደረባዬ ነቢዩ ቀዳዳውን ቶርኖ ማሽን ላይ አሰፋ። ቦዩን ነገ እኔ በፕሬስ አወጣለሁ። ቦዩን የሚያወጣው ጥርሳሙ ዘንግ ደስ ይለኛል… እያንዳንዱ ጥርስ ከፊተኛው የፀጉር ያህል ይበልጣል፤ ተገፍቶ ሲያልፍ ጥቂት ጥቂት እየላጨ ነው። ምሳ ሽሮ።

ጥቅምት 7
ጥርሳሙ ዘንግ ተሰበረ። ስባሪው የነቢዩን ግራ ዓይን መታው።
ሆስፒታል አደረስነው። እጄን ታጠብኩ። ራት በላሁ። እንዴት በላሁ?

ጥቅምት 9
ጋሽ ወልደኪዳን፣ የወርክሾፑ ባለቤት፣ ጠየቁኝ። "ምን ሆኖ ነው ቃለ አብ?"
"ፑሌጃው ውስጥ ጠንካራ ቦታ ነበረ።"
"ይሆናል" አሉ። አለቀ።
ፑሌጃው ምንም አልነበረውም። ዘንጉ ቀዳዳው መሃል ላይ ተያዘ። የተላጨው ብረት ጥርሶቹን ሞልቷቸው ነበር። አውጥቼ መጥረግ ነበረብኝ። ነቢዩ "ተው፣ አውጣው!" እያለ መጣ… ሰምቼዋለሁ። አንዴ ደግሜ ተጫንኩ። ለምን? ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ይኸው ነው።

ጥቅምት 15
ዓይኑ አይመለስም አሉ ሐኪሞቹ። ሚስቱ አርሴማ ናት የደወለችው። "እሺ" አልኳት። እሺ ይባላል?

ጥቅምት 17
ሠራሁ። ገባሁ። ተኛሁ።

ጥቅምት 22
ብርቱካን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ዓይኑ ታሽጓል። አርሴማ "ብረቱ ነው አሉ፤ አንተ ምን ታደርግ" አለችኝ።
"ብረቱ አይደለም" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።
ነቢዩ ወደ እኔ ዞረ። "ተው ስልህ ሰምተሃል?"
"ሰምቻለሁ።"
"በቃ ሂድ።"
አርሴማ በር ድረስ ተከትላ ብርቱካኑን መለሰችልኝ።

ጥቅምት 23
ለጋሽ ወልደኪዳንም ነገርኩ። ከፕሬሱ አነሱኝ። አሁን ብረት በመጋዝ እቆርጣለሁ። ይቀለኛል ብዬ ነበር… አልቀለለኝም። አልከበደኝምም።

ኅዳር 3
መጋዝ። መጋዝ።

ኅዳር 19
ነቢዩ ሥራ ገባ። ሰላም አላለኝም። የእነዋሪው ሰው ሌላ ፑሌጃ አምጥቶ ስለነበር አዲስ የተገዛውን ዘንግ ራሱ ፕሬሱ ላይ አቆመው። ጎንበስ አለ፣ በሌላ በኩል ዞሮ አየ፣ እንደገና ዞረ… በአንድ ዓይን መለየት አቃተው። ሌሎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩታል።
"ቃለ አብ። ና እዚህ። ቀጥ ብሏል?"
የማዕዘን መለኪያውን፣ ስኳድራውን፣ አስጠጋሁ። በጣም ትንሽ ነው ያዘመመው። ቀጥ ብሏል ብዬው ቢሆን ደስ ይለው ነበር።
"አላለም" አልኩት። ዓይኔ በእንባ ሞላ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ።
አላየኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ፈታው። አብረን እንደገና አቆምነው።