አሚን ያልንበት ስንጥቅ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤ ኩታበር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን የክረምቱ ብርድ እንዴት አደረገው? እማዬስ? “ሁሉም ሰላም ነው” እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በስልክም ይህንኑ ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ደብዳቤ መቼም ጆሮ ላይ አይዘጋም። እኛ እዚህ ኮምቦልቻ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን።

ወንድሜ ጁነይድ ትናንት ደወለልኝ። ገደሉ ተንዶ አሮጌውን ቤታችንን እንደዋጠው፣ ውስጡ ግን ነፍስ ያለው ነገር እንዳልነበረ ነገረኝ። ደሴ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። የቡድናችን መሪ ሙንዚር ሰው የሞተብኝ መስሎት ውሃ ይዞ መጣ። ማንም አልሞተም ብዬው እንደገና አለቀስኩ። ቤት ፈርሶ እንዲህ ደስ ያለው ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ግን አባቴ፣ ስንት አስጨንቀውኝ ነበር። በታኅሣሥ ለጥናቱ የመጣን ጊዜ ያስታውሳሉ? የዝናቡ ጠባይ እየተለወጠ ስለሆነ ለጎርፍና ለናዳ የሚጋለጡትን መንደሮች እንድንለይ፣ ወረዳውም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ከክረምት በፊት ሰዉን እንዲያዘጋጅ ነበር የተላክነው። ሙንዚር ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ወደፊት ምን ያሰጋችኋል ብሎ ሲጠይቅ፣ እርስዎ ጋቢዎን ሰብሰብ አድርገው “ያልመጣን ነገር በአፌ አልጠራም፤ ደህና ነን” አሉት። ሌላውም እርስዎን ተከትሎ ደህና ነን አለ። ከቤታችን በላይ ያለው መሬት እግር እስኪያስገባ መሰንጠቁን እያወቃችሁ። እኔ እንዳልናገር፣ ለአባቷ ቤት አደላች እባላለሁ፤ በዚያ ላይ በሰው ፊት እርስዎን ማሳጣት ነው። መንደራችን ስጋት ከሌለባቸው ተርታ ገብቶ ከዕቅዱ ሊቀር ነበር። ያን ቀን ተናድጄብዎ ነበር፤ ይኸው ነገርኩዎ።

ቀኑ ሐሙስ ስለነበረ ግን መንደሩ ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ወዳጃ መኖሩ ትዝ አለኝ። ሙንዚርን ከመንደሩ ጋር ዱዓ ሳንቀመጥ አንሄድም አልኩት። መንገዱ ይመሽብናል ብሎ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ተቀመጠ። እርስዎ መዳፍዎን ዘርግተው ጀመሩ። “ያ ረቢ፣ ከቤታችን በላይ የተሰነጠቀውን መሬት ባለበት አጽናልን” ሲሉ ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ቀጥለው ከመስጊዱ ጀርባ የሚወርደውን ጎርፍ አነሱ፤ የዘሀራን ማሽላ የመታውን በረዶ፣ የደረቀውን ምንጭም አነሱ። ሙንዚር እኔን እያየ አሚን ማለቱን ሁሉ ረሳው። ስንለምናችሁ ውለን የነፈጋችሁንን በሙሉ ለአላህ ነገራችሁት።

በማግስቱ ስለ ስጋት የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሙንዚር ትናንት ዱዓ ያደረጋችሁለትን ቦታ አሳዩን ብቻ ነው ያለው። እርስዎም በትርዎን ይዘው ከፊት ቀደሙ። ስንጥቁን ለካነው፣ ካርታው ተስተካከለ፣ ከሥሩ ያሉት ቤቶችም ወደ ሜዳው እንዲነሱ ደሴ ላይ ተወሰነ። አሁን ሙንዚር በየመንደሩ ሲገባ ሰዉ ስለምን ዱዓ እንደሚያደርግ ነው አስቀድሞ የሚጠይቀው።

አላህ መሬቱን ባለበት አላጸናውም፤ እናንተን ከሥሩ አነሳችሁ። ዱዓዎ መልስ አጥቷል ብዬ አላስብም። የአዲሱ ቤት ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ሶላት ያውካል እያሉ ያማርራሉ አሉ። ያማርሩ አባቴ፤ እርስዎ ኖረው ሲያማርሩ ልስማ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለቤቴ ደሴ ለመድረስ በሚኒባስ የሀረጎን ዳገት መውጣት መውረዱን ተይው ስላለኝ፣ ከሰኞ ጀምሮ ኮምቦልቻ ሆኜ እንድሠራ ሙንዚር ፈቅዶልኛል። ለምን ብለው አይጠይቁኝ። ባለፈው ዓመት የደረሰብኝን እማዬ ታውቃለች፤ ዘንድሮ እኔም እንደ እርስዎ ያልመጣን ነገር በአፌ አልጠራም። የፊታችን ሐሙስ ወዳጃ ሲቀመጡ ግን ስሜን ያንሱልኝና “በሰላም ገላግላት” ይበሉልኝ። እማዬም ከጓዳ ሆና አሚን ትበል።

አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ሰጥቶ ለጥር ያድርስልኝ።

ዱዓዎን የምትጠብቅ ልጅዎ