የአንደኞቹ መደዳ

ለእታለሜ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳስ መራገጥ ጀመረ ወይስ ገና እንቅልፉን አልጠገበም? ያስጠጋችሽ ልብስ ሰፊዋስ ደህና ናት? ስለ ደግነቷ በእኔ ስም ጉንጯን ስሚልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፣ ይኸው እንደምታይው ጸሐፊ ሆኛለሁ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አላረመልኝም። የመድኃኒት ወረቀት እንኳን ስታነቢለት «አንተ ደንቆሮ፣ ይኼ እኮ የሚቀባ ነው፣ የሚዋጥ አይደለም» ስትይው የኖርሽው ወንድምሽ ዛሬ የማታው ክፍል መብራት ነው። አስተማሪያችን «የአንተ ጭንቅላት ስፖንጅ ነው» ብሎኛል። ከኋላዬ የሚቀመጠው ዘበኛ «ስፖንጅማ ሲጨምቁት ባዶ ነው» አለ። ቅናት ነው፣ እለፊው። እሱ ገና «ጨ» ላይ ተቸክሏል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያዘዘኝ ባልሽ ነው። ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም የገዛው እሱ ነው። «ከእኔ ከመጣ ሳትከፍተው ትቀደዋለች፣ ከአንተ ከመጣ ግን ታነበዋለች። ተለውጧል በላት። የመታኋት ደሜ አስቸግሮኝ ነው በላት። አባቴም እንዲህ ነበር፣ አያቴም እንዲህ ነበር። የጣቢያችን የዶሮ ዘር ዶክተር ራሷ ከዘር ነው ብላለች በላት። ትመለስ» አለኝ። ይኸው አልኩሽ። የታዘዝኩትን አድርሻለሁ። ከዚህ በታች ያለው የእኔ የራሴ ነው፦ አትመለሺ።

በጫጩት ጫኙ ሾፌር በኩል የላክሽልኝ ጥያቄ ደርሶኛል። «እውነት በዘር ይወረሳል ወይ? የተሸከምኩት እንደ አባቱ ቢሆንስ?» ብለሻል። ይህን ለመመለስ በዚህ አገር ከእኔ የተሻለ ሰው የለም፣ ምክንያቱም የምሠራው የዶሮ ዘር ምርምር ጣቢያ ውስጥ ነው። እርግጥ ሥራዬ መኖ መበተንና ኩስ መጥረግ ነው። ቢሆንም ከውስጥ ነኝ። ዘረመል የሚባል ነገር አለ እታለሜ፣ በየደማችን ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ነው አለችኝ ዶክተሯ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ያላነበብኩት እሱን ብቻ ነው።

ዶክተሯ ሁለት መደዳ የዶሮ ሳጥን አላት፣ በየሳጥኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ዶሮ። በፊተኛው መደዳ ከየሳጥኑ አንደኛዋን፣ ብዙ እንቁላል የምትጥለዋን ብቻ ትመርጥና ጫጩት ታስፈለፍልላታለች። ልጆቿ ሲያድጉ ደግሞ ከእነሱ አንደኛዋን፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ስድስት ትውልድ ሄደች። በኋለኛው መደዳ ግን ማንንም ለብቻ አታይም። የሳጥኑን እንቁላል በጅምላ ትቆጥርና ብዙ ያስገኘውን ሳጥን፣ ዘጠኙንም በአንድ ላይ፣ ለዘር ታስቀራለች። እኔ መኖ እንድበትን የተመደብኩት ለፊተኛው ነበር። እንደ ጉራዬማ ስንት ተናገርኩ! የኋለኛውን መደዳ የምትመግበዋን ሴትዮ «የአንቺዎቹ ዕድርተኞች ናቸው፣ የእኔዎቹ ቻምፒዮኖች» እያልኩ አሰለቸኋት።

ቻምፒዮኖቼን ላሳይሽ። ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የሚቀበለኝ የደም ሽታ ነው። ዘጠኝ ከነበሩበት ሳጥን አሁን ሦስት ቀርተዋል። ሦስቱም ጀርባቸው ተነጭቶ ሥጋቸው እንደ ተላጠ ቀይ ሥር ሆኗል። አንዷን ከኋላዋ ቦድሰው አንጀቷን ሲጎትቱ ደርሻለሁ። ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው ይሻሙበታል፣ እሷ ደግሞ ቆማ መኖዋን ትለቅማለች። ነገሩ ገና አልገባትም። እጄን ሰድጄ ላወጣት ስል ክንዴን እስከ ክርኔ ድረስ ዘለዘሉት። በሌሎቹ ቤቶች ጫጩቶቹ ገና ሳሉ የመንቁራቸው ጫፍ በጋለ ምላጭ ይቆረጣል፣ ለዚያም ማሽን አለ። የዶክተሯን ግን አንነካም፣ ተፈጥሯቸውን ማየት አለብኝ ትላለች። እና አየችው። በኋለኛው መደዳ ዘጠኙም አሉ፣ ላባቸው አንድ አልጎደለም፣ እንቁላሉም ከእኔዎቹ እጅግ ይበልጣል። የምትመግባቸው ሴትዮ አጠገቤ ስታልፍ ፈገግታዋ ይቆጠቁጣል።

ዶክተሯ የሞቱትን በባልዲ ሰብስቤ ሳወጣ አጠገቤ ቆማ፣ «እኔ እኮ እንቁላል የመረጥኩ መስሎኝ ነበር። አንደኛዋ አንደኛ የሆነችው የጎረቤቶቿን መኖ ቀምታ፣ አስደንብራ፣ ወግታ ነው ለካ! ጉልበተኛነትን ነው ሳረባ የኖርኩት» አለች። «ዶክተር፣ ታዲያ ይህንን ለዳይሬክተሩም ንገሪልን» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ባልሽ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አየችና ሳቋን ዋጠችው።

እኛ ባልሽን ከኋላው «አንደኛ» ነው የምንለው፣ ታውቂያለሽ። በየዓመቱ ብዙ ምርት ያስረከበ ተቆጣጣሪ ተብሎ ይሸለማል። ፎቶው በሩ ላይ ሳቅ እያለ ተሰቅሏል። ምርቱ እንዴት እንደሚመጣ የሚጠይቅ የለም። ባለፈው ሰሞን አንድ ትሪ እንቁላል የጣለችውን ልጅ በዚያው በትሪው ብረት አፏን ብሏት ሁለት ጥርሷን አራገፈ። ጥርሷን ከእንቁላሉ አስኳል ውስጥ ለቅማ በመሐረቧ ቋጠረችው፣ እኛም መጥረጊያችንን ይዘን ቆመን አየን። ከእሷ በፊት አንዱን ኩሊ ጎድኑን ሰብሮታል። የአንቺን ክንድ እኔ አልተርክልሽም፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ስንመጣ

*

እታለሜ፣ እዚህ ላይ አቋርጬው ነበር። ጽሕፈቱ ከዚህ ጀምሮ ቢለወጥብሽ አትደንግጪ፣ ጸሐፊው ያው እኔው ነኝ። ቀኝ እጄ ትምህርቱን ስለጨረሰ ግራውን አስመዝግቤዋለሁ። ለጊዜው ከክፍሉ መጨረሻ ነው፣ ግን የማን ወንድም እንደሆነ ታውቂያለሽ። የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያለው ቡናማ ነገር የዶሮ ደም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልሽ ጫጩት ክፍል ጠራኝና «ጻፍክላት?» አለኝ። «ጽፌ ልኬያለሁ» አልኩት። ያልጨረስኩት ደብዳቤ ከደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። «መልስስ?» አለ። «የለም» አልኩት። «እንግዲያው ሄጄ ራሴ አመጣታለሁ። የት ናት?» አለኝ። እኔም ምላሴን መያዝ መቼ ተማርኩ፣ «ብነግርህም አታውቀው፣ ሰው የሚከበርበት ሰፈር ነው» አልኩት።

በአንገቴ ይዞ ግንባሬን ከጠረጴዛው አላተመው። የመጀመሪያው ላይ ከዋክብት አየሁ፣ ሁለተኛው ላይ ምንም አላየሁም። ስነቃ የመንቁር መቁረጫው ማሽን ፊት ለፊት ነኝ፣ ምላጩ ቀልቷል፣ ቀኝ እጄ በእሱ መዳፍ ውስጥ ነው። «መጻፍ ቻልኩ እያልክ ትንጠባረር የለ? እስቲ የምትጽፈው በየትኛው ጣትህ ነው?» አለኝ። «በአፍንጫዬ» አልኩት። አልሳቀም። ድሮም ቀልድ አይገባውም፣ ስታገቢው ነግሬሽ ነበር። «ለመጨረሻ ጊዜ፣ የት ናት?» አለ። ፔዳሉን ሲረግጠው ሰማሁ።

ያ ማሽን ለዶሮ መንቁር የተሠራ ነው እታለሜ። ለሌላ ሥራ ሲያውሉት ቀስ ይላል። ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃሻል። እንደገና ጠየቀኝ፣ ማሽኑም እንደገና ቀስ አለ።

አድራሻሽ አሁንም እኔ ዘንድ ነው።

ጮኼ እንደሆነ አላውቅም። ዘበኛው እስከ ዋናው በር ተሰምቷል ይላል፣ እሱ ግን ሁሌም ያጋንናል። ብቻ በሩ ተበርግዶ እንቁላል ለቃሚዎቹ ገቡ። እነዚያን ሴቶች ታውቂያቸዋለሽ፣ ሰላም ሲሉሽ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ናቸው። ከፊት ጥርሷ የረገፈው ልጅ ነበረች። የመኖ መዛቂያውን ብረት አንሥታ ጉልበቱ ላይ አሳረፈችው፣ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሲወድቅ ሁሉም ሰፈሩበት። በትሪ፣ በባልዲ፣ በጫማ፣ በጥርስ። ያቺ የኋለኛው መደዳ መጋቢ፣ ያቺ ፈገግተኛ፣ ጆሮውን ነክሳ አለቅም አለች። ዶክተሯ «ይበቃል! ሞተ እኮ! ይበቃል!» እያለች ፀጉራቸውን ትጎትታለች። ከእጃቸው ሲወጣ ማንነቱን ለማወቅ በሩ ላይ ያለውን ፎቶ ማየት ያስፈልግ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እጄን በሸሚዜ ጠቅልዬ፣ ጨምሩለት እያልኩ ነበር። ከዚያ ያቺ ልጅ መዛቂያውን እንደያዘች ዞር ስትል ዓይኗን አየሁት። ያ ዓይን አዲስ አልነበረም፣ ጠዋት ጠዋት ሳጥን ስከፍት የማየው ነው። የልጅቷ አባት የቤተ ክርስቲያን መብራት አብሪ ነው፣ እናቷ ጎረቤት አስቀይማ አታውቅም። ከማን ወረሰችው?

ጥያቄሽን ዶክተሯን የጠየቅኩልሽ ወደ ክሊኒክ በመኪናዋ ስትወስደኝ ነው። በማይረባ ጊዜ ጥያቄ ማንሣት ችሎታዬ ነው። መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ትነዳለች፣ ከፊቷ የገባውን መኪና ሁሉ ትሰድባለች። «ዶክተር፣ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ጉልበተኛነቱ ከዘር ነው፣ ከአንቺም ሰምቻለሁ ይላል። እውነት በዘር ይወረሳል ወይ?» አልኳት። «አንተ ሰውዬ፣ እየደማህ ነው!» አለችኝ። «ደሙ ይቆየን፣ መልሱን» አልኳት።

እንዲህ አለችኝ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «በዶሮዎቼ ከፊሉ ከዘር ነው። ይህን አልዋሽህም፣ ራሴ ነኝ ያረባሁት። ከፊሉ ግን አብሯት ከታጎረው ነው። ሰውን ደግሞ አባቱን አይቼ ልጁን እነግርሃለሁ የሚልህ ካለ፣ ሐኪምም ቢሆን እኔም ብሆን፣ ውሸታም ነው። ባሏ ከእኔ ሰማሁ ያለው የሚመቸውን ግማሽ ብቻ ነው። ዶሮ ከሳጥኗ መውጣት አትችልም። እህትህ ግን ወጥታለች።» እዚህ ላይ አንዱን ታክሲ ሰደበችና ደረስን።

እኔ ደግሞ ከራሴ ምርምር ልጨምርልሽ። ልጁ ግማሹ የእኛ ነው። አባታችን ዶሮ ማረድ ፈርቶ ጎረቤት ይጠራ የነበረ ሰው ነው። አንገቷ ሲቆረጥ ጓዳ ገብቶ ጆሮውን ይይዝ ነበር፣ አንቺም ትስቂበት ነበር። ያም በደም ውስጥ የተጻፈ ከሆነ እንግዳው ሁለቱንም ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። የትኛው ጮክ ብሎ እንደሚነበብለት የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

አሁን መስማት ያለብሽን ነገር ስሚ። ባልሽ አልሞተም፣ ከሐኪም ቤት ወጥቶ እስር ቤት ነው። ዳይሬክተሩ ሽማግሌ ሰብስቦ ክሊኒክ ድረስ ላከብኝ። «ምርት ወርዷል፣ አንደኛ ሠራተኛችን ነው፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አንተም ሰው ሁን» አሉኝ። ይቅር ብዬዋለሁ የሚል ወረቀት ተጽፎ መጥቷል። አንደኛው ሽማግሌ የቀለም ሳጥን ከኪሱ አወጣና «እንግዲህ መጻፍ ስለማትችል አሻራህን» አለኝ። እታለሜ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልነግርሽም። እስክሪብቶ ስጡኝ አልኩና በግራ እጄ፣ ልክ እንደ ዝንብ እግር እየተንፏቀቅኩ፣ ስሜን ሳይሆን «አልታረቅም» ብዬ ጻፍኩበት። «ቅ» ትንሽ ወደቀች። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ አየኝ፣ መልሶ አደረገውና እንደገና አነበበው።

ስለዚህ እናንተም ዘንድ «ወንድሟ ይቅር ብሏል» የሚል ወሬ ቢመጣ ውሸት ነው። ማንም ቢምል ማንም ቢያለቅስ አትመለሺ። ቢፈታም አትመለሺ። ለእኔ አታስቢ፣ ዶክተሯ ወደ ኋለኛው መደዳ አዛውራኛለች። አሁን ከዚያች ጆሮ ነካሽ ሴትዮ ጋር ነው የምሠራው፣ እና ከአፌ አንድ ጉራ አይወጣም።

እንግዳው ሲመጣ ማንን መሰለ እያልሽ ፊቱን አትመርምሪ። አጠገቡ ማን እንዳለ ብቻ ተመልከቺ። ደግሞ ጣቶቹን ቁጠሪና ቁጥሩን ላኪልኝ። አሥር ይሆናሉ። የእኔው ጉድለት በዘር እንደማይወረስ ዶክተሯን በደንብ ጠይቄያታለሁ።

ምጥሽን ቀላል፣ ደጅሽን ሰላም፣ እንቅልፍሽን ሙሉ ያድርግልሽ። አሜን በይ።

የምትወጂው ታናሽ ወንድምሽ