ሃንጋርና የአባዬ በረት

አዲስ አበባ
ሰኔ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ አስናቀ፣

የጎበሳ ኑሮ እንዴት ይዞሃል? አዲሱን ትምህርት ቤት ለመድከው? እኔ ደህና ነኝ፤ እጄ ግሪስ በግሪስ ሆኗል እንጂ። ትናንት ሃንጋር ውስጥ የአውሮፕላን ሞተር ክዳን ፈትቼ ስገጥም አሰልጣኙ "ጎበዝ!" አለኝ። ለማን ልንገር? ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ።

ያን እሑድ ረስተኸው ይሆን? አንተ አሰላ የእንግሊዝኛ መምህር፣ እኔ የትምህርት ቤቱ ታይፒስት ነበርን። አባዬ "ልጄማ ከሰማይ ወድቃ አትሞትም!" ብሎ የአውሮፕላን ጥገና ሥልጠናዬን የዋስትና ቅጽ አልፈርም ካለ ሳምንት አልፎታል። አንተ ሆዬ የሰፈሩን ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ሁሴኖንና አቶ ገብረሥላሴን፣ ይዘህ ከች! "ተቀመጡ" ሲባሉ ጋሽ ሁሴኖ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ።

አይ አንተ! ሴት ልጅ ካለችበት ቤት ሽማግሌ ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ፈልጎ ይመስልሃል? አባዬ ለቀበሌ ስብሰባ የሚለብሳትን ካፖርት ደረበ። እማዬ ጓዳ ጠርታኝ "ደግሞ ራሱ አብሯቸው መጣ፣ ወይ ዘመን!" አለችኝ። እኔ ሮጬ ነጠላዬን ቀየርኩ።

አንተ ግን ያንኑ ቅጽ አወጣህ።

"ጋሽ ሣህሌ፣ ልጅዎ የምትሠራው ሰማይ ላይ አይደለም። ሃንጋር ውስጥ ነው።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"አውሮፕላን የሚያድርበት ቤት። እንግሊዞች ቃሉን ከፈረንሳዮች ወሰዱት። ፈረንሳዮቹ ጋሪና የእርሻ ዕቃ ከዝናብ የሚያስጠልሉበትን ዳስ ነበር እንዲያ የሚሉት። ከዚያም በፊት የከብት በረት ማለት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።"

አባዬ በመስኮት ወደ ላሞቹ ዞረ። "በረት?"

"አዎ፣ በረት።"

"ታዲያ ይሄን ቀድማችሁ አትነግሩኝም? በረት ውስጥ አይደል ያደገችው!" ብሎ እየሳቀ ፈረመ።

እኔም ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ቅጹን እስክታወጣ ድረስ የጠበቅሁት ሌላ ነገር ነበር። አባዬም እስከ ዛሬ "ያ መምህር ልጄን ለአውሮፕላን ዳረብኝ" ይላል።

አስናቀ፣ እወድሃለሁ። ጻፍኩት፣ አለቀ! ነሐሴ ላይ ለዕረፍት አሰላ እገባለሁ። ሽማግሌዎቹን ላካቸው፤ አንተ ግን በወጉ ቤትህ ተቀምጠህ ጠብቅ። አባዬን እነሱ ይጠይቁት፤ እኔ እሺ ብያለሁ።

እጇን ታጥባ የጻፈችልህ፣
እታገኘሁ ሣህሌ