ጣሪያው ያፈሳል የምትለው ሴትዮ

ማክሰኞ

አስጠላኝ። መጽሐፉን ግማሹ ላይ ዘግቼ ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ባልየው ሰው ገድሎ ታስሯል። ሚስቱ በየወሩ ትጠይቀዋለች፣ ስንቅ ታቀብላለች። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የሟቹ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል» ይላታል። እሷ ምን ትመልሳለች? «ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል።» በቃ! ድንጋይ። ደራሲው እንዳዝንላት ይፈልጋል። አላዝንም።

ሐሙስ

ቅዳሜ ሮውሌት ከተማ፣ ጓደኛዬ ሃና ቤት ስለ መጽሐፉ እናወራለን። አራት ሴቶች ነን፤ ሳያነብ የመጣ ምሳ ያበስላል። ስለዚህ በምሳ እረፍቴ መኪና ውስጥ ሠላሳ ገጽ አነበብኩ። ሴትዮዋ አሁን ደግሞ ልጆቿን «አባታችሁ ለሥራ ሄዷል» ትላቸዋለች። ሳንድዊቼን ጣልኩት።

ምን እንዳስጣለኝ አውቃለሁ። ወንድሜ ዳዊት ጠጥቶ ሲነዳ ሰው ገጭቶ ከታሰረ ስምንት ወሩ ነው። ሰውየው ዛሬም በክራንች ነው የሚሄደው። እማዬን «ትራክ መንዳት ጀምሯል፣ ኔትወርክ አያገኝም» ብያታለሁ። ለሌላውም ሰው እንደዚያው።

ከእስር ቤት በሳምንት አንዴ ይደውልልኛል። ዛሬም «እማዬን ነገርሻት?» አለ።

«ምግቡ እንዴት ነው?» አልኩት።

ቅዳሜ

ሁሉም ሴትዮዋን ወደዷት። «አስተዋይ ናት። ማለቴ፣ ፋሚሊዋን ፕሮቴክት አደረገች፤ ገበናዋን ሸፈነች» አለች ሃና።

«ምን አስተዋይ! ፈሪ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። ሃና ወሬ ለማስቀየር ብላ «ኦኬ፣ ወንድምሽስ? አሁን የት ስቴት ደረሰ?» አለችኝ።

«አሪዞና» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሰፈሬ ሜስኪት እስክገባ ድረስ ራሴን እየሰደብኩ ነዳሁ።

ቤት ገብቼ አዲስ አበባ ለእማዬ ደወልኩ። «ልጄ፣ ዳዊት ምን ብበድለው ነው እንዲህ የጨከነብኝ? ይቅርታ ትልሃለች በይልኝ» አለችኝ።

እሷ ይቅርታ! የራሴን እፍረት ልሸፍን ብዬ ልጇን ጨካኝ አደረግኩባት። ራሴን ተጸየፍኩት።

እሑድ

ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ለእማዬ ጎረቤት ለእትዬ አስካለ ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው፤ እማዬ አጠገብ ሆነው እንዲያስረዱልኝ ለመንኳቸው። «አታስቢ የኔ ልጅ፣ ሁለት ሦስት ሰው ይዤ እሄዳለሁ» አሉ። መቼ እንደሚሄዱ እንኳ አልጠየቅኩም። የኔ ነገር!

ሰኞ

ትናንት ራቴን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ አስካለ ናቸው። አዲስ አበባ ገና ሊነጋጋ ነው። እትዬ አስካለ በወጉ መሠረት በማለዳ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ነጠላ ተከናንበው በሯን አንኳኩ። እማዬ በዚያ ሰዓት እንዲያ ሆነው ስታያቸው መች ትጠይቃለች? ሊያረዱኝ መጡ ብላ ደረቷን ትመታ ጀመር። «አልሞተም» ቢሏት ማን ይሰማል! ሰፈሩ ተሰበሰበ። ድንኳን እናምጣ ያለም ነበር አሉ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። «እማዬ፣ አለ! ታስሮ ነው! ታስሮ!» እያልኩ ጮኽኩ።

«ታስሮ? በሕይወት?»

«በሕይወት።»

እልል አለች። ልጅሽ ታሰረ ተብላ እልል ያለች እናት የሰማሁት ትናንት ነው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ጥፋቱን፣ የሰውየውን እግር፣ ትራኩን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት።

«እሱን አገናኚኝ» አለች በመጨረሻ። «አንቺን ግን ቆይ።»

ዘጋችብኝ። እስካሁን አታነሳም። ይበለኝ።