ሆድ ለባሰው የወስፋት ክኒን

ጥር 18 ቀን 1974 ዓ.ም.
ጋምቤላ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ተሰማ፣ የትምህርት ክትትልና ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የባሮ ሙቀት፣ የወንዙ ትንኝና የቢሮዎ ወረቀት ሳይደፍሩዎት በደህና ውለው በደህና እንዲያድሩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ የሺአረግ ከአርባ ተማሪዎቼ ጋር፣ በጥምቀት ማግስት ከጻፉልኝ ደብዳቤ በቀር፣ ምንም አልሆንኩም። መልሴን በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። የጽሕፈት ቤትዎ የደብዳቤ ሣጥን ቁልፉ ከጠፋ ወዲህ የገባበት ወረቀት ሲወጣ ያየ ሰው ስለሌለ ነው።

ደብዳቤዎን ላላነበቡ ጎረቤቶቻችን ፍሬ ነገሩን ላስረዳ። በየማለዳው ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ለሩብ ሰዓት የምናካሂደው «እንዴት አደራችሁ» የተባለው ክፍለ ጊዜ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ስለሌለ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እንዲቆም፣ በምትኩም ልጆቹ ሰልፍ እንዲለማመዱ አዝዘዋል። ለዚህና ከዚህ በፊት ለዋሉልን ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ ክኒኑ አመሰግናለሁ። በዚያች ሩብ ሰዓት የሚሆነው ነገር ቀላል ነው፤ ተራ የደረሰው ልጅ እንዴት እንዳደረ ይናገራል፣ ሌሎቹ ሳይስቁ ያዳምጡታል፣ ከመካከላቸው አንዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፣ የተባለውም ከክፍሉ በር አይወጣም። ጠመኔ እንኳ አይፈጅም። ችግሩ የመጣው ከአማርኛችን ነው። የደገኞቹ ልጆች ሲከፋቸው «ሆድ ባሰኝ» ይላሉ። የኑዌሮቹ ልጆች ሐዘናቸውም ደስታቸውም ልባቸው ውስጥ ነው። የአኙዋኮቹ ደግሞ በቋንቋቸው ስሜት የሚያድረው ጉበት ላይ ስለሆነ፣ ወደ አማርኛ ሲያመጡት «ቲቸር፣ ዛሬ ጉበቴ ጥሩ አይደለም» ይሉኛል። እኔም የሚነገረውን ባላወጣም ስሜቱ ያደረበትን የአካል ክፍል እንደሰማሁት መዘገብኩ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ማንኛውንም ዝርዝር በሦስት ቅጂ ስለሚወድ የኅዳርን ወር እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ ሆድ 14፣ ጉበት 17፣ ልብ 9።

እርስዎም ከአርባ ልጅ አርባው መታመሙን አንብበው ደነገጡ። በሳምንቱ አንድ ላንድሮቨር አቧራውን እያጨሰ ግቢያችን ገባ፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ አንድ ካርቶን የወስፋት ክኒንና የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኩን ከውስጡ ወረዱ። ሆድ የባሳቸው ሁሉ ተሰልፈው ክኒን ዋጡ። የጉበቶቹ ተራ ሲደርስ ድሬሰሩ አጓ የተባለውን ተማሪዬን አስተኝቶ ጎኑን እየነካካ የት ላይ እንደሚያመው ቢጠይቀው፣ ልጁ ጣሪያውን እያየ «ወንድሜ ኢታንግ ሄደ፣ አልመጣም» አለው። ድሬሰር ኩን፣ እግዜር ይስጠው፣ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ በምርመራ ወረቀቱ ላይ «ጉበቱ ጤነኛ ነው። ወንድሙ ይፈለግ።» ብሎ ጻፈና ማኅተም አደረገበት። ጽሕፈት ቤትዎም ወንድም መፈለግ የሥራ ድርሻው አለመሆኑን ወዲያው በቁጥርና በቀን አስታወቀን።

2. ስለ ጥንቃቄዎም አመሰግናለሁ። የአጓ ወንድም በሦስተኛው ሳምንት የደረቀ ዓሣ ተሸክሞ በእግሩ መጣ። አጓ በማግስቱ ተራው ሳይደርስ ብድግ ብሎ «ጉበቴ ጣፈጠ!» ሲል ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ፤ እኔም የታኅሣሥ ዝርዝር ላይ «ጉበት፦ ጣፋጭ» ብዬ አሰፈርኩ። ከዚህ በኋላ የደረሰኝ የማብራሪያ ጥያቄ፣ «በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለ ፈቃድ ስለተካሄደው የጉበት ግብዣ» የሚለው፣ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ጉበቱ ጥሬ ነበር ወይስ የተጠበሰ የሚለውን ጥያቄ ልመልስ ብዬ ብዙ ሞከርኩ፤ ሳቄ እያደናቀፈኝ እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

3. ስለ አርባው ማጭድ። ልጆቹ የሥራን ክቡርነት እንዲማሩ በየሳምንቱ ዓርብ የግቢውን ሣር የሚያጭዱበት ማጭድ ጽሕፈት ቤትዎ ሰጥቶናል። አበው ግን «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ብለዋል። እኔ የአበውንም የጽሕፈት ቤትዎንም ትእዛዝ ላክብር ብዬ፣ ማጭዱን ከማደሌ በፊት ማንን ሆድ እንደባሰው እጠይቃለሁ። ከሰኞ በኋላ ሳልጠይቅ የማድል ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ዓርብ እርስዎ ራስዎ ተገኝተው ቢያድሉልን ታላቅ ክብር ነው።

4. በመጨረሻም፣ ጥር 9 ቀን በአካል ተገኝተው ስለጎበኙን አመሰግናለሁ። ያን ቀን ሙቀቱ የሚቻል አልነበረምና እርስዎም በቧንቧው ዘንድ የተሰለፉትን ልጆች አልፈው ከሁሉ ቀድመው ጠጡ። ማንኛችንም ትልልቆቹ ትንፍሽ አላልንም፤ ሆድ ይፍጀው ብለን ያደግን ነን። ኛኪየር የተባለችው ተማሪዬ ግን ፊትዎ ቆማ «ጓድ፣ አንተ መጨረሻ መጣህ፣ መጀመሪያ ጠጣህ። እኔ ተቆጣሁ። ግን አልመታህም» አለችዎት። ይህንን በደብዳቤዎ «በኃላፊ ላይ የተሰነዘረ ዛቻ» ብለውታል።

ጓድ ተሰማ፣ ይህ ዛቻ አይደለም፤ የፈተና ውጤት ነው። ይህቺው ኛኪየር አምና በዚያው ቧንቧ ዘንድ ተራዋን የወሰደችባትን ልድያን በቡጢ ብላ ጥርሷን አውልቃላታለች። እኔ ደግሞ አለንጋ አንስቼ ኛኪየርን ገረፍኳት። በማግስቱ የተገረፈችው ሌላ ልጅ መታች፣ የተመታችውም ሌላ፤ እኔም አለንጋዬ እስኪሰበር ድረስ ስዞር ከረምኩ። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ቢቸግረኝ ኛኪየርን ምን ሆነሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት፤ በሕይወቷ ማንም ያንን ጠይቋት የማያውቅ ይመስል አፍጥጣ አየችኝ፣ ከዚያም አለቀሰች። «እንዴት አደራችሁ» የተጀመረው በማግስቱ ነው። ከጥቅምት ወዲህ በዚያ ሰልፍ ላይ አንድ ጥርስ አልወለቀም፤ የእርስዎም ጥርስ ቢሆን በዚሁ ትምህርት ነው የተረፈው።

ሰልፍ ልምምዱን አንጠላም። ልጆቼ ሰልፍ ማክበር እንደሚያውቁ ራስዎ ምስክር ነዎት። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺን ሩብ ሰዓት ይተዉልን። ከእረፍት ሰዓታችን ቀንሰው ይውሰዱ፣ ከደመወዜ ጋር ያልተያያዘ ቅጣት ካለም እኔን ይቅጡኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን እንዴት አደራችሁ ብዬ ሳልጠይቅ አርባ ፊት እያየሁ «መጽሐፋችሁን ግለጡ» ማለት አልችልም። ይህንን ያለ ምፀት ነው የምጽፈው።

የቢሮዎ ወንበር እንዲመችዎት፣ የደብዳቤ ሣጥንዎም ቁልፍ እንዲገኝ እየተመኘሁ፣ ክኒኑን፣ የማብራሪያ ጥያቄውንና አርባውን ማጭድ በምስጋና ተቀብላ እስካሁን በጤና ያለችው፣

የሺአረግ ደምሰው
የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ

ግልባጭ፦
ለድሬሰር ኩን፣ ሳቁን ስለዋጠልን
ለአጓ ወንድም፣ ሁለተኛ ሳይናገር እንዳይጠፋ
በቧንቧው ዘንድ ለተሰለፉት ሁሉ፣ እንደ ተራቸው

ሳልረሳው፣ ግድግዳው ላይ ሳልለጥፍ ለብቻዎ፦ ከአሥራ አራቱ ሆድ የባሳቸው ልጆች አንዷ በሦስተኛው ረድፍ የምትቀመጠው ልጅዎ እሙዬ ናት። ክኒኑን እሷም ውጣለች፤ አልተሻላትም። ባለፈው ሐሙስ ተራዋ ደርሶ ስለ ቤታችሁ ስትናገር ማንም አልሳቀም፤ ጥያቄውን የጠየቀቻት ኛኪየር ነበረች። ምን እንዳለች ከእኔ አይሰሙም፣ የክፍላችን ደንብ አይፈቅድም። ማታ ቤት ሲገቡ ራሷን ይጠይቋት። ሳይቆጡ ካዳመጧት ሩብ ሰዓት ይበቃል።